ከትምህርት ጎን ለጎን ጌም መሥራት፦ ከየት ይጀመራል? የትስ ያደርሳል?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው አገር አቀፍ ሥልጠና ይፋ ከሆነ ወዲህ «ኮዲንግ» የሚለው ቃል ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሠፈር ወጥቷል። ደብረ ማርቆስ ግቢ ውስጥ የሕግ ተማሪው ያወራዋል። ባሕር ዳር ፔዳ የታሪክ ተማሪዋ ታወራዋለች። እንጅባራም ቡሬም ያው ነው። ሥልጠናው በኢንተርኔት፣ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ለጨረሰው ሰርተፍኬት አለው። ከሰርተፍኬቱ በኋላ ግን ብዙ ተማሪ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ «እሺ፣ አሁን ምን ልሥራበት?»

ከሚመጡት መልሶች አንዱ ጌም ነው። በስልኩ ጌም ተጫውቶ «እኔም እንዲህ ዓይነት ብሠራ» ብሎ የማያውቅ ወጣት ብዙ አይገኝም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። አንዱ የቤተሰብ ነው፦ «ተማር ብንልከው ጨዋታ ይሠራል።» ሌላው የተማሪው ነው፦ «በክረምቱ እረፍት ፑብጂን የሚያስንቅ ጌም ሠርቼ እመለሳለሁ።» የመጀመሪያው ሥራውን ያሳንሰዋል። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ያገዝፈዋል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከክፍል ትምህርት ጋር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ከሥሩ እንየው።

ፕሮግራሚንግና ጌም ዲዛይን አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፕሮግራሚንግ ማለት ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው። የተጻፈው ነገር ኮድ ይባላል። ጌም ዲዛይን ደግሞ ሕጉን መወሰን ነው፤ ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይችላል? ምን ይከለከላል? ምን ያሰጋዋል? መቼ ያሸንፋል? ገበጣን የፈጠሩት ሰዎች ድንቅ የጌም ዲዛይነሮች ነበሩ። አፈርና ጠጠር በቂያቸው ነበር።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ጌም መሥራት ፈለጋችሁ እንበል። መኪናው መንገዱ ላይ እንዲሄድ፣ ጠመዝማዛው ላይ እንዲታጠፍ፣ ገደሉ ጋ ሲደርስ እንዲወድቅ ማድረግ የፕሮግራሚንግ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ በሚገባ ሠርታችሁ ጌሙ ሊሰለች ይችላል። ለምን? ተጫዋቹ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ረግጦ ቀስ እያለ ቢወርድ ምንም አይሆንም፤ የሚያስጨንቀው ነገር የለም።

አሁን አንድ ሕግ እንጨምር። ፍሬኑ ይግላል። የፍሬኑ ሙቀት ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር ይሁን። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር በሰከንድ 20 ይጨምራል፤ ሲለቀቅ በሰከንድ 8 ይቀንሳል። 100 ሲደርስ ፍሬኑ አይዝም። ስለዚህ ለ5 ሰከንድ ሳይለቅ የረገጠ ሰው ፍሬኑን አጣ ማለት ነው። ተጫዋቹ አሁን ማሰብ ይጀምራል፦ «እዚህ ልልቀቀው? ወይስ ቀጣዩ ጠመዝማዛ እስኪያልፍ ልያዘው?» በዓባይ በረሃ የሚመላለስ ሾፌር ይህን ጭንቀት በደንብ ያውቀዋል። 20ን ወደ 5 ብትቀይሩት ጭንቀቱ ይጠፋል። ወደ 50 ብትቀይሩት ደግሞ ማንም የማይጨርሰው ጌም ይሆናል። ጌም ዲዛይን ማለት ይህን ቁጥር መፈለግ ነው። ኮዱ ላይ የተጨመረው ከሦስት መስመር ብዙም አይበልጥም።

ጌም ውስጡ ሲከፈት ምንድን ነው?

የጌም ልብ አንድ የማያቋርጥ ዙር ነው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ነገር ያደርጋል። ተጫዋቹ ምን እንደነካ ያያል፤ በዚያ መሠረት ሁሉም ነገር አሁን የት መሆን እንዳለበት ያሰላል፤ ከዚያ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ ይስለዋል። ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። አንዱ ዙር 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እኛ «መኪናው እየሄደ ነው» የምንለው ነገር እያንዳንዳቸው ትንሽ ፈቀቅ ያሉ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል።

ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያሳስተው ነገር እዚሁ አለ። መኪናው በአንድ ፍሬም 5 ፒክስል ይሂድ ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ፒክስል ማለት ስክሪኑ የተሠራባት አንዷ ነጥብ ናት። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚስል ላፕቶፕ መኪናው በሰከንድ 300 ፒክስል ይጓዛል። ያንኑ ጌም የዶርም ጓደኛችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት። ያ ላፕቶፕ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ የሚችል ከሆነ መኪናው 150 ፒክስል ብቻ ይሄዳል። ጌሙ ያው፣ ፍጥነቱ ግን ግማሽ። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍጥነቱን በሰከንድ 300 ብላችሁ ትጽፉና፣ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ ታባዙታላችሁ። ይህ ጊዜ በሙያው ቋንቋ «ዴልታ» ይባላል። ፈጣኑ ላፕቶፕ በትንሽ ዴልታ ብዙ ጊዜ ያባዛል፤ ዘገምተኛው በትልቅ ዴልታ ጥቂት ጊዜ ያባዛል። ሁለቱም ላይ መኪናው በሰከንድ 300 ይጓዛል።

ሌላም እንይ፤ ይህኛውን በጣም እወደዋለሁ። ገበጣን ኮምፒውተር ላይ እንሥራ። አጨዋወቱ እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ 2 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያለውን እንውሰድ። ለኮምፒውተሩ ይህ ሰሌዳ የ12 ቁጥሮች ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሲጀመር ሁሉም 4 ናቸው። ኮምፒውተር መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ ጉድጓዶቹ ከ0 እስከ 11 ይሰየማሉ። ተጫዋቹ ጉድጓድ 9ን መረጠ። ኮዱ ጉድጓዱን ባዶ ያደርግና 4ቱን ጠጠሮች አንድ በአንድ ወደፊት ያድላል፤ 10 ላይ፣ 11 ላይ... ከዚያስ? 12 የሚባል ጉድጓድ የለም። እጃችን ሰሌዳውን ዞሮ ወደ 0 እንደሚመለስ ሳናስበው እናውቃለን። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም፤ ካልተነገረው «የሌለ ጉድጓድ ጠየቅኸኝ» ብሎ ይቆማል።

የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ቁጥሩን ለ12 አካፍልና ቀሪውን ውሰድ። 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው። 13 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ አራቱ ጠጠሮች 10፣ 11፣ 0 እና 1 ላይ ያርፋሉ። የአራተኛ ክፍል ማካፈል ሰሌዳውን ክብ አደረገው። ያው ዘዴ ሰዓት ለመቁጠር፣ የተጫዋቾችን ተራ ለማዞር፣ ከስክሪኑ በቀኝ የወጣ ገጸ ባሕርይ በግራ እንዲገባ ለማድረግም ያገለግላል።

ሒሳብ ላይ ደካማ ብሆንስ?

ለጀማሪ ጌም ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ፊዚክስ በላይ አያስፈልግም። እንዲያውም ብዙ ሰው «ምን ያደርግልኛል» ብሎ የተወው ፊዚክስ እዚህ ነፍስ ይዘራል። አንድ ገጸ ባሕርይ ሲዘል በሰከንድ 400 ፒክስል ወደ ላይ ይነሳ እንበል። የመሬት ስበቱ በየሰከንዱ ከዚህ ፍጥነት 800 ይቀንስበት። ጫፍ የሚደርሰው በግማሽ ሰከንድ ነው፤ የሚወጣው 100 ፒክስል ነው፤ መሬት የሚመለሰው በ1 ሰከንድ ነው። በ11ኛ ክፍል የነፃ ውድቀት ቀመር ራሳችሁ አስሉት። ከዚያ ጌሙን አስነስታችሁ ስትለኩት በጣም ተቀራርቦ ታገኙታላችሁ። ቀመሩን ለፈተና ከመሸምደድና በገዛ እጅ ሠርቶ ሲዘል ከማየት የትኛው እንደሚቀር ለተማሪ መንገር አያስፈልግም።

ውድ ላፕቶፕና ብዙ ዳታ ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። መብራትም እንደዚያው፣ ሲያሻው ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ «አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» የሚለው መሆን አለበት።

ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም «ጌም ኢንጂን» ይባላል። ዙሩን፣ ስበቱን፣ ድምፁን፣ የነገሮችን መጋጨት አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል፤ እናንተ የራሳችሁን ሕግ ትጨምሩበታላችሁ። ስማቸው የገነነው ዩኒቲና አንሪል ናቸው። ሁለቱም ለተማሪ በነፃ ይገኛሉ። ነገር ግን ዩኒቲን ሙሉ በሙሉ ለማውረድ ብዙ ጊጋባይት ይፈጃል፤ አንሪል በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጎዶት ይባላል። ሁለት አርጀንቲናውያን ፕሮግራመሮች የጀመሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረጉት። መደበኛው ቅጂ ከ200 ሜጋባይት አይበልጥም። መጫን እንኳ አያስፈልገውም፤ ከጓደኛ በፍላሽ ተቀብሎ ከፍቶ መሥራት ይቻላል። የመጠቀሚያ ክፍያም የለውም፤ ጌማችሁ ቢሸጥም ድርሻ አይጠይቅም። የእያንዳንዱ ትእዛዝ ማብራሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በጠፍጣፋ ሥዕል፣ ማለትም በሁለት ገጽታ የሚሠራ ጌም መሥራት ይቻላል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ግን ከሥዕል አማራጮቹ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ፤ ለአሮጌ ማሽን የተዘጋጀው እሱ ነው።

ክፍያን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዩኒቲ ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ ሊጠይቅ መሆኑን አስታውቆ የዓለም ጌም ሠሪ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዕቅዱን ሰርዞታል። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ጎዶት አዞረ።

ላፕቶፕ ለሌለውስ? ጎዶት በአንድሮይድ ስልክና ታብሌት ላይ የሚሠራ ቅጂ አለው፤ ጠባብ ስክሪን ላይ ግን ያደክማል። ለኮድ ልምምድ ብቻ ከሆነ ፓይድሮይድ የተባለው መተግበሪያ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ያስኬዳል። ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ መሥራትን አልመክርም፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን በቂ ነው። ከዚያ የግቢው ኮምፒውተር ላብ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት አጥንታችሁ ኃላፊውን በትሕትና መጠየቅ ነው።

በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?

የተማራችሁት ካለ በእሱ። ኢንጂነሪንግ ገብታችሁ በመጀመሪያው ዓመት ሲ ፕላስ ፕላስ ከነካካችሁ መሠረቱ አላችሁ ማለት ነው። ምንም ለማያውቅ ሰው ፓይተን ይቀላል። የጎዶት የራሱ ቋንቋም ፓይተንን ስለሚመስል ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አያስቸግርም። ኮድ የሚባል ነገር ጨርሶ ለሚያስፈራው ደግሞ ስክራች አለ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው ነው፤ ትእዛዞቹ እንደ ጡብ ይገጣጠማሉ። ለልጆች ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ዙር፣ «ከሆነ»፣ ቁጥር መያዝ፣ ሁሉም እዚያ አሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። በፓይተን ለነገሮች የምትሰጡት ስም በፊደላችን ሊሆን ይችላል። የጠጠሮቹን ዝርዝር «ጠጠሮች»፣ የፍሬኑን ሙቀት «ሙቀት» ብላችሁ ብትጽፉ ይሠራል። የቋንቋው ቋሚ ትእዛዞች እንግሊዝኛ ናቸው፤ የተቀረው የእናንተ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ስትሠሩ እንግሊዝኛው ይሻላል፤ ለብቻችሁ ስትማሩ ግን ሐሳቡን በአማርኛ መያዝ ያግዛል።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ጌም ልሥራ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ትንሽ ጌም ሥሩና ጨርሱት።

ጎጃም ይህን የመማሪያ መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ቅኔ ቤት አዲስ የገባ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ጉባኤ ቃና አጭር ነው፤ ሙሉ ቅኔ ግን ነው። ሰሙም ወርቁም አለው፤ ልኩ አለው፤ ያልቃል። ተማሪው ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ በማግስቱ ሌላ አዲስ ይቆጥራል። ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስምንት ቤቱ መወድስ ገና ሩቅ ነው። የግማሽ መወድስ ባለቤት ሆኖ የሚቀር ተማሪ የለም። ጌም ላይ ግን የግማሽ መወድስ ባለቤት በየዶርሙ ሞልቷል። የተከፈተ ዓለም፣ መኪና፣ ጦርነት፣ ኦንላይን ጨዋታ ሁሉ ያለበት ጌም ጀምሮ በሁለተኛው ወር የተወው ብዙ ነው።

የጌም ጉባኤ ቃና ምን ይመስላል? ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ያስባል፤ ተጫዋቹ ይገምታል፤ «ከፍ አድርግ»፣ «ዝቅ አድርግ» እየተባለ ይደርስበታል። ይህ በፓይተን ከ20 መስመር አይበልጥም፤ ሥዕልም የለውም። ሆኖም መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ያለው ሙሉ ጌም ነው። ቀጥሎ ከዛፍ የሚወርድ ማንጎ በቅርጫት መያዝ፤ እዚህ ሥዕል፣ ግጭትና ነጥብ መቁጠር ይመጣል። ከዚያ ለሁለት ሰው የሚሆን ገበጣ። የዓባይ በረሃው መኪና ከነዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ ነው ደስ የሚለው። ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጠመዝማዛ ይጀመር።

ትንሽ ማለት የማይረባ ማለት አይደለም። ፍላፒ በርድን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዶንግ ንጉየን የተባለ ቬትናማዊ በጥቂት ቀናት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ስክሪኑን ስትነኩ ወፏ ትነሳለች፣ ካልነካችሁ ትወድቃለች። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ዓለም ሁሉ ይጫወተው ነበር።

በተቃራኒው ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጌም ይጠቀሳል፤ «አንድ ሰው ብቻውን ሠራው» እየተባለ። እውነት ነው፣ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። ግን ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ያውም ትምህርቱን ጨርሶ፣ አብዛኛውን ጊዜውን ለዚያ ሰጥቶ። አምስት ኮርስና ላብ ሪፖርት ያለበት ተማሪ ራሱን ከእሱ ጋር ባያወዳድር ይሻላል።

ትምህርቴን አይጎዳብኝም?

ሊጎዳ ይችላል። ይህን መደበቅ ነውር ነው። ኮድ ሰዓት ይበላል፤ አንድ ስህተት ለመፈለግ ማታ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ይነጋበታል። በማግስቱ ሚድ ካለ ያ ሌሊት ውድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ቤተሰብ ጤፍ ሸጦ የሚያስተምረው ልጅ በጌም ሰበብ ዋርኒንግ ቢያገኝ ማንም ወገን አይሆነውም።

ስለዚህ ወሰን ያስፈልገዋል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይበቃል። ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይዘጋል፤ ሲያልቅ ይከፈታል። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን «ቀጥሎ የምሠራው ይህንን ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፋችሁ ተዉ። ከወር በኋላ ስትመለሱ የራሳችሁ ኮድ የሰው ኮድ ይመስላችኋል፤ ያቺ መስመር ግማሽ ቀን ታተርፍላችኋለች። ስህተት ፍለጋ ላይ ደግሞ ሰዓት ቁረጡ። ሰላሳ ደቂቃ ፈልጎ ያልተገኘ ስህተት ተኝቶ ሲነሱ በአሥር ደቂቃ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

በዚህ ወሰን ከተያዘ ጥቅሙ ለትምህርቱም ይተርፋል። የኮምፒውተር ተማሪ ክፍል ውስጥ በቃል የያዘውን «አሬይ»፣ ማለትም ዝርዝር፣ ገበጣው ላይ በእጁ ይነካዋል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የጌሙን ዋጋና ሽልማት ሲያመዛዝን የራሱን ትምህርት ይሠራል። ትርፍ ጊዜ የወለዳቸው ትልልቅ ሥራዎችም አሉ። ፓይተንን ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 የገና ሰሞን ለትርፍ ጊዜው ነው። ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሲጀምር፣ ለትርፍ ጊዜ ያህል እንደሆነ ራሱ ጽፎ ነበር። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ መሠረት ሊኑክስ ነው።

ጌሙ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሌላ ሰው ሲጫወተው በማየት። ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው አብሮ መኖሩ እዚህ ላይ ጸጋ ነው። ላፕቶፑን ለአንዱ ስጡትና ዝም በሉ። «እዚያ ጋ ንካ»፣ «እሱን አትንካ» ማለት ክልክል ነው። መኪናዋ እንደተነሳች ጓደኛችሁ ፍሬኑ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ገደል ከገባ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ፍሬኑን አላሳያችሁትም። ጌማችሁ ስልክ ላይ ሲወርድ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ አታስረዱም። የት እንደቆመ፣ የት እንደሳቀ፣ መቼ ስልኩን ማየት እንደጀመረ ጻፉ። ሲጨርስ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዞት «አሪፍ ነው» ይላችኋል። «ምን ለማድረግ እየሞከርክ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ኮድ ከመጻፉ በፊትም ይህን ማድረግ ይቻላል። ብዙ ጌም በወረቀት፣ በቆርኪና በጠጠር ይሞከራል። መብራት የሌለበት ምሽት ለዚህ ይሆናል።

አማርኛ ጽሑፍ ለምን ሳጥን ሆኖ ይመጣል?

ጌሙ ውስጥ «ጀምር» ብላችሁ ጽፋችሁ በሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ሦስት ባዶ ሳጥን ሊታይ ይችላል። ምክንያቱ ፎንቱ፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። ኢንጂኑ ይዞት የሚመጣው ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም። የእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ፎንት ተበድሮ ስለሚያሳያችሁ እናንተ ጋ ልክ ይመስላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የጉግል ነፃ ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብታችሁ ጽሑፉ በእሱ እንዲጻፍ ካደረጋችሁ የትም ቦታ ይነበባል።

ሥዕልና ድምፅም እንደዚሁ በነፃ ይገኛሉ። ኬኒ የተባለው ድረ ገጽ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚወሰዱ ሺህዎች ሥዕሎች አሉት። ከጉግል ላይ ያገኙትን ሥዕል ወይም የዘፋኝ ዜማ አንስቶ መጠቀም ግን የሰው ንብረት መውሰድ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ጓደኛ ካላችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹት፤ ስሙንም ጌሙ ላይ ጻፉለት።

ኤአይ ኮድ እየጻፈ እኔ ለምን እደክማለሁ?

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የትንንሽ ጌሞችን ኮድ መጻፍ ይችላሉ። ነገር ግን ስህተት ሲገኝ የት እንደሆነ ለማወቅ፣ ፍሬኑ በሰከንድ 20 ይሙቅ ወይስ 15 ለመወሰን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አስተማሪ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፤ «ይህ መስመር ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ለጓደኛ ማስረዳት የማትችሉትን ኮድ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አታስገቡ። ለአሳይመንት ከሆነ ደግሞ የመምህሩን ፈቃድ አስቀድሙ።

ገንዘብስ ያመጣል? የትስ ላውጣው?

በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ጌም በአብዛኛው ገንዘብ አያመጣም። በዚህ ተስፋ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይሰለቻል። አገር ውስጥ የተሳካላቸው አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከአራጇ የምታመልጥ ዶሮን ጌም አድርጎ «ኩኩሉ» ብሎ አውጥቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እነሱ ግን በሙሉ ጊዜያቸው በቡድን የሚሠሩ ናቸው።

ጌሙን ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። ከተማሪ ኪስ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ከባድ ነው። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ማድረግ አለበት። ለመጀመሪያ ጌም ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኢች አይኦ የተባለ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ጌም ይቀበላል። ጎዶት ላይ ጌሙን ለድር በሚሆን ቅርጽ ታወጡታላችሁ፤ ዚፕ አድርጋችሁ ትጭኑታላችሁ፤ ሊንክ ይሰጣችኋል። ሊንኩን የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ነው።

ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሊንኩን ከሚከፍቱት አብዛኞቹ በስልክ ነው የሚከፍቱት፤ ኪቦርድ የላቸውም። ስለዚህ በጣት የሚነካ የፍሬን ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ይኑር፤ አውራ ጣት የሚያህል ይሁን። ሁለተኛ፣ የፋይሉን መጠን እዩ። 60 ሜጋባይት የሆነ ጌም በሞባይል ዳታ የሚከፍትላችሁ ጓደኛ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ቦታ የሚይዘው ሙዚቃው ነው። ዋቭ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት የተቀመጠውን ኦግ ወደተባለው ከቀየራችሁት መጠኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።